ቀለል ብሎኛል

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ ባሊስታ ነበር የሚለው። እውነተኛ ስሙን ከመታወቂያው ላይ ካልሆነ የትም አታገኙትም። ባሊስታ ማለት ከጭነት መኪና ሥር ተደራርቦ የሚታሰረው ጎበጥ ያለ ብረት ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ያ ብረት ሲሰበር ሾፌሮች ወደ እሱ ጋራዥ ይመጣሉ፤ እሱም ያግለዋል፣ ይቀጠቅጠዋል፣ መልሶ ያጎብጠዋል። ዕድሜውን በዚህ ጨረሰ። ስሙ የወጣለት ግን በሥራው ብቻ አይደለም። የፈለጋችሁትን ጫኑበት፣ ጎበጥ ይላል እንጂ ቃል አይወጣውም። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ደሜን ያፈላዋል። "ጋሼ፣ ለንግግር ቀረጥ ይከፈላል እንዴ?" እለዋለሁ። ፈገግ ይልና እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። በቃ፣ መልሱ ያ ነው።

እህቴ የሱ ተቃራኒ ነበረች። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ከሾፌር እስከ ተሳፋሪ የማታፋጥጠው ሰው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል መንገዱን የምታውቀው በውስጥ እግሯ ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ "አሁን የመጋዘኑ ጉድጓድ ሊመጣ ነው፣ ያዙ!" ትላለች፤ እውነትም ይመጣል።

የተገናኙትም እዚያው አውቶቡስ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ተሳፍሮ ሳለ ትኬት ልትቆርጥለት ጠጋ ስትል እጁ ላይ ያለውን ግራሶ አየችና፣ "መካኒክ ነህ?" አለችው።

"የባሊስታ።"

"እንግዲያው ስማኝ። ይሄ አውቶቡስ ከኋላ በስተግራ ታሟል። ለሾፌሩ ብነግረው አንቺ ትኬትሽን ቁረጪ ይለኛል።"

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዶ ከአውቶቡሱ ሥር ገባ። ከተደራረቡት ብረቶች አንዱ፣ ለዓይን በማይመች ቦታ፣ ተሰንጥቆ አገኘው። እዚያው እንደተንጋለለ "አግብተሻል?" ብሎ ጠየቃት። እህቴ ይህን ስታወራ በሳቅ ትሞት ነበር። "እስቲ አስቡት፣ ፊቱ እንኳ አይታይም! እግሩ ነው እኮ ያጨኝ!" ትላለች። እሱም ያው ፈገግ ይላል።

ልጅ አልወለዱም። ሁለቱ ብቻቸውን፣ እሷ እያወራች እሱ እየሰማ፣ ደህና ኖሩ። ከዚያ በሽታው መጣ። አከርካሪዋ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ወገቧን ያዛት፤ ቀጥሎ እግሯን ከለከላት። ያ መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ እግር ዊልቸር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔም ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ጓዜን ጠቅልዬ ገባሁና አስታማሚ ሆንኩ። የሚያስቸግር ሰው ማስታመም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን አንድ እህቴ ናት።

ትልቁ ጣጣ ሕክምና መሄድ ነበር። የባሊስታ መኪና የሥራ መኪና ናት። ብረት ስለሚያመላልስባት ድሮ ራሱ ረጃጅምና ደረቅ ሞላ አስገብቶ ከፍ አድርጓታል። ሞላ የምንለው ያ የተጠቀለለው፣ የሚለጠጠውና የሚኮማተረው ብረት ነው። እህቴ ከዊልቸሯ ወደ መኪናው ወንበር በሰሌዳ ላይ ተንሸራታ መግባት ትችል ነበር፤ ክንዷ ገና ደህና ነው። ግን የመኪናው ወንበር ከዊልቸሯ ከፍ ስለሚል ሽቅብ መንሸራተት አልሆነላትም። ስለዚህ የጎረቤት ጎረምሶች ይጠራሉ፤ አንዱ በብብቷ፣ አንዱ በጉልበቷ ይዘው ያነሷታል። መንገደኛው ቆሞ ያያል። እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያቺ ተሳፋሪ ሁሉ የሚፈራት ሴት!

"ሰው ሳሳፍር ኖሬ ዕቃ ሆኜ ተጫንኩ" አለችኝ አንድ ቀን። 

"ታዲያ ባልሽ ለምን አያነሣሽም?" ብትሉ፣ ከለከለችዋ! ገና ከጅምሩ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ፣ "እንዳትነካኝ!" አለችው። "አንተ ያነሣኸኝ ቀን ባልነትህ ቀርቶ አስታማሚ ትሆናለህ። አስታማሚ አለችኝ፣" ብላ ወደኔ ጠቆመች። ከዚያ ወዲህ አልነካትም። አልጋ ላይ የማወጣት የማወርዳት፣ የማጥባት የማለብሳት እኔ ሆንኩ። እሷም ሹራብ በሹራብ ላይ ትደርብና ሲመጣ ፀጉሯን አበጥራ ትጠብቀዋለች።

"እንዴት ዋልሽ?" ይላታል ከበሩ ላይ።

"ቀለል ብሎኛል።"

ፊቱ ይበራል። ሁልጊዜ ይቺው ናት ንግግራቸው፤ እንዴት ዋልሽ፣ ቀለል ብሎኛል።

አንድ ጠዋት ጎረምሶቹ ሲያነሷት የአንዱ እጅ አዳለጠና ጭንቅላቷ ከበሩ ጋር ተጋጨ። ከሕክምና ስንመለስ ባሏን ጠራችው። "ስማኝ፣ አድነኝ አላልኩህም። እግሬን መልስልኝ አላልኩህም። መኪና ውስጥ በራሴ ልግባ። ከዚህ ሌላ ካንተ ምንም አልፈልግም" አለችው።

ባሊስታ ወጣ። የዊልቸሩን ወንበር በእጁ ለካ፣ የመኪናውን ወንበር ለካ። ልዩነቱ አራት ጣት ነበር። ተመልሶ መጣና "መኪናዋን ዝቅ አደርጋታለሁ" አለ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። "በስተርጅና? እንደ ጎረምሳ መኪና መሬት ለመሬት ልታስኬድ ነው ጋሼ?"

"ዝም በይ አንቺ!" አለችኝ እህቴ። 

የጭነት መኪና ሰው ነውና የመጀመሪያው ሐሳቡ መቁረጥ ሆነ። ሞላዎቹን አውጥቶ ከጫፋቸው ቆርጦ መልሶ አስገባቸው። መኪናዋ ዝቅ አለች፤ ልክ ወንበር ለወንበር ገጠመ። ጉድ የፈላው መንገድ ላይ ነው። የተቆረጠው ሞላ የሚኮማተርበት ቦታ አጥቶ፣ ከሥሩ ያለው፣ የሞላውን ዝላይ የሚያረጋጋው ሾክም ለረጅሙ ሞላ የተሠራ ስለነበር፣ ትንሽ ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ብረት ከብረት ይላተማል። እህቴ መጀመሪያ ጥርሷን ነከሰች። የመጋዘኑ ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ግን ጮኸች። እሷ አሟት ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባሊስታ መኪናዋን ዳር አስይዞ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ።

በማግስቱ "ተነሺ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አለኝ።

"የት?"

"መኪና ዝቅ የሚያደርጉት ዘንድ። እኔ አስረድቼ መናገር አልችልም፣ አንቺ ተናገሪልኝ።"

ሄድን። የሱቁን ባለቤት ምንጣፍ ይሉታል፤ የሚሠራቸው መኪናዎች አስፋልቱ ላይ ስለሚነጠፉ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በጆሮው ጉትቻ፣ በክንዱ ንቅሳት አለ። ግድግዳው በቀይና በሰማያዊ ሞላ ተሞልቷል። ባሊስታን ሲያይ ግን ብድግ አለና ወንበር አቀረበለት፤ ስሙን ከአባቱ ሰምቶት ኖሯል።

"ለፍጥነት ነው ለመልክ?" ብሎ ጠየቀ።

እኔ አፌን ልከፍት ስል ባሊስታ ቀደመኝ። "ለሚስቴ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያ ልጅ አልቀለደም። ነገሩን ሁሉ ከኔ ሰማና ግድግዳው ላይ ካሉት ለጎረምሶቹ የሚሸጠውን አጭሩን ሞላ አልፎ፣ ማንም የማይፈልገውን ግራጫውን አወረደ። "ይሄ አራት ጣት ነው የሚያወርደው፣ ከዚያ አያልፍም" አለ። "ሞላ ሲያጥር የሚታጠፍበት ቦታ ያንሰዋል፤ ስለዚህ ጠንከር ማለት አለበት። ጠንካራ ሞላ ደግሞ ብቻውን ከተተወ ሲዘል ይውላል። የሚያረጋጋው ሾኩ ነው።" ቀጥሎ ከካርቶን ውስጥ አጠር ያለ ሾክ አወጣ። ከታች በኩል ትንሽ መዞሪያ አለው። ሲያዞረው ቀጭ ይላል። "ወደዚህ ስታዞረው ይጠብቃል፣ ወደዚያ ይላላል። በጣም ከጠበቀ መንገዱ ሁሉ ወገቧ ላይ ይመጣል፤ በጣም ከላላ ይንጣታል። ልኩን የምታገኘው እሷን አስቀምጠህ እየነዳህ ነው።"

"እሷን አላሠቃይም" አለ ባሊስታ። "በሷ ቦታ አሸዋ አስቀምጬ ልኩን እፈልጋለሁ። እሷ የምትገባው ሲያልቅ ነው።"

"ክብደቷን ታውቀዋለህ?"

"ባሏ ነኝ እኮ!" አለ። ያን ያህል ጮክ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

እንዴት እንደለካት ምንጣፍ ነው ኋላ ያጫወተኝ። በተጋቡ ሰሞን ጎርፍ መንገዱን ሞልቶት፣ ባሊስታ እህቴን ከነዩኒፎርሟ ከነትኬት ቦርሳዋ በጀርባው አዝሎ አሻግሯት ነበር። ያ ክብደት ጀርባው ላይ ቀርቷል። ከረጢት አምጥቶ አሸዋ ሞላ፣ አዘለው፤ አወረደው፣ ቀነሰለት፣ እንደገና አዘለው። እንዲህ ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ቆመና "ይቺ ናት" አለ። አዲሱ ሞላና ሾክ ከገቡ በኋላ ከረጢቱን በሷ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለት።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ መሳቂያ አገኘ። ባሊስታ ከሥራ ሲወጣ አሸዋውን ጎኑ አስቀምጦ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አድርጎ፣ ጉድጓድ እየመረጠ ይነዳል። ውኃው ሲፈስ ይወርዳል፣ ጎማው ሥር ይገባል፣ ቀጭ ያደርጋል፣ መልሶ ይነዳል። "ሚስቱ ብትታመምበት አሸዋ አገባ" አሉ። እኔም ሰምቼ ከአንዷ ጋር ተያይዤአለሁ፤ እሱን ተዉት። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀጠለ፤ ውኃው እስከማይፈስ ድረስ።

የደረሰ ዕለት መኪናዋን በር ላይ አቆመና ሰሌዳውን ዘረጋ። ጎረምሶቹ እንደለመዱት መጡ። "ሂዱ፣ ዛሬ አትፈለጉም" አለቻቸው እህቴ። አንድ እጇን ሰሌዳው ላይ፣ አንዱን የመኪናው ወንበር ላይ አሳረፈች። ተንሸራተተች። እግሯን በእጇ አንስታ አስገባች። በሩን ራሷ ሳበችና ድው አድርጋ ዘጋችው። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "ምን ቆመሽ ታለቅሻለሽ፣ ግቢ እንጂ! ሒሳብ የለሽም እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እያለቀስኩ ነበር።

ሄድን። ብርጭቆው አልፈሰሰም፤ ብረትም አልተላተመም። ግን ከኋላ ሆኜ አያታለሁ፤ ትከሻዋ ይዘላል። እጇ የበሩን እጀታ ጨብጦ ጣቶቿ ነጥተዋል። ባሊስታ ብርጭቆውን ያያል እንጂ እሷን አያይም። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ "ወራጅ አለ!" አለች፤ ሳቀ። ሞተሩን አጥፍቶ ወደሷ ዞረ።

"እንዴት ናት?"

ጎንበስ ብላ በጎን አየችው፤ ያቺ የድሮዋ ትኬት ቆራጭ ናት ያየችው። "አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይቺን መኪና ለየትኛዋ ሴት ነው የሠራሃት?"

"ለአንቺ ነዋ!"

"እኔ አይደለሁም። ያቺ ጣውንቴ ወፍራም ናት። እሷ ስትቀመጥባት ትረጋለች፤ እኔ ስቀመጥባት እንደ ገለባ ትወረውረኛለች።"

እኔ ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ወረደና ዞሮ በሷ በኩል ከጎማው በላይ ያለውን ክፍተት በሜትር ለካ።  እኔ እህቴን ወደ ቤት አስገብቼ አልጋዋ ላይ ሳስተኛት ከግቢው የከረጢት መጎተት ድምፅ ሰማሁ።

ስወጣ ከረጢቱን መልሶ ወንበሩ ላይ አስቀምጦታል። መኪናዋ እሷ ሳለች ከነበረችው ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። የከረጢቱን አፍ ፈትቶ በጣሳ አሸዋ ይቀዳና መሬት ላይ ያፈሳል፤ ወርዶ በሜትር ይለካል። አልደረሰም። ይቀዳል፣ ያፈሳል፣ ይለካል። አሁንም አልደረሰም። ክምሩ ቁርጭምጭሚቱን አለፈ። ሌላ ጣሳ፣ ሌላ ጣሳ። በመጨረሻ ሜትሩ ልክ ሲመጣ ጣሳውን ጣለው። ከረጢቱ ተጨማዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ አሸዋው መሬት ላይ ተከምሯል። ባሊስታ ክምሩ አጠገብ ቁጭ አለ። እጁን ከአሸዋው ውስጥ ከተተ።

"ይሄ ሁሉ ከሷ የጎደለ ነው" አለኝ። "ቀለል ብሎኛል ስትለኝ እኮ ደስ ይለኝ ነበር" አለ።

  አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አንተ ሰውዬ!" የእህቴ ድምፅ ከመስኮቱ መጣ። "ከአሸዋ ጋር ምን ትሠራለህ? እኔ አለሁ አይደል? ና፣ ልውጣና እናስተካክላት!"

"ያምሻል!" አለ ባሊስታ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ።

"ሳይስተካከል ሕክምና ስመላለስ ከሚያመኝ ዛሬ ይመመኝ!"

ወጣች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። እሱ ይነዳል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። "የፊቱን አላላው። ... አሁን በዛ፣ ያንገዋልለኛል፤ አንድ መልስ። ... ኋላው ገና ይዘላል።" እሱ ይወርዳል፣ ቀጭ ያደርጋል፣ ይመለሳል። እንደ ድሮው ጊዜ እሷ ታውቃለች፣ እሱ ከሥር ይገባል። እግሯ የሞተባት ሴትዮ በትከሻዋና በአንገቷ መንገዱን ትሰማዋለች። ፀሐይ ስትገባ ወደ ቤት ዞርን። ትንሽ እንደሄድን፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "የመጋዘኑ ጉድጓድ ገና ነው እንዴ?" አለች።

 "አልፈነዋል" አለ ባሊስታ።

"ውሸታም!"

"እህትሽን ጠይቂያት።"

"አልፈነዋል እትዬ" አልኩ።  እሷ ደግሞ ወደ ኋላ ተደገፈችና እንደ ልጅ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ የቀሩትን ወራት በራሷ ገባች፣ በራሷ ወጣች። ሕክምና ብቻ አይደለም፤ ገበያ ዳር፣ ድሮ የምትሠራበት ፌርማታ፣ ወንዙ ማዶ። መቀነሷ ግን አልቆመም። እሷ ማታ "ቀለል ብሎኛል" ትለዋለች፤ እሱ "እሰይ" ይላል። ጠዋት እኔ ሳለብሳት እሱ ቀድሞ ይወጣና ከፊት ጎማው ሥር ጎንበስ ይላል። ቀጭ የምትል ድምፅ እሰማለሁ። ያላላታል። ለሷ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ታውቅ እንደነበር ግን እምላለሁ። ያቺ ሴት መኪና ውስጥ የሚሆን ነገር አያመልጣትም።

አንድ ጠዋት እንደለመደው ጎንበስ አለ። ድምፅ ጠበቅሁ፤ የለም። በመስኮት ሳይ፣ እጁ መዞሪያው ላይ ነው፣ ይታገላል፣ አይዞርም። መጨረሻው ደርሷል፤ ከዚህ ወዲያ የሚላላ የለም። እዚያው ተንበርክኮ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፣ በሩን ከፈተላትና ሰሌዳውን ዘረጋ።

የመጨረሻው ጊዜ ከሕክምና ስንመለስ እንደ እርምጃ ቀስ ብሎ ነዳ። ከኋላችን መኪናዎች ጥሩምባ ሲነፉ መስኮቱን ከፍቼ የሰደብኳቸውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። በራችን ላይ ደርሰን ቆምን። ባሊስታ ሞተሩን አላጠፋም። ወራጅ አለ እስክትል ይጠብቃል። እሷ ራሷን ወደ መስኮቱ አዘንብላለች፤ የተኛች መሰለን። እሱ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ እኔም ከኋላ ሆኜ ጠበቅሁ። ከዚያ ዞር ብሎ አያት። ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ በሷ በኩል ያለውን በር ከፈተና ከተከለከለበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ዘርግቶ አነሣት። አቅፎ ወደ ቤት አስገባት። ክብደቷን አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ከቀብሯ በኋላ ባሊስታ መኪናዋን ወደ ድሮዋ አልመለሳትም፤ ብረቱን በኪራይ መኪና ያስጭናል። ጓዜን ሰብስቤ ወደ ቤቴ ልመለስ ስል "አደርስሻለሁ" አለኝ። የፊተኛውን በር ከፍቼ አንድ እግሬን አስገባሁ።

"ከኋላ ሁኚልኝ" አለኝ። "የፊቱ ለሷ ነው የተስተካከለው።"

በሌላ ጊዜ ቢሆን ምን እንደምለው ታውቃላችሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁትና ከኋላ ገባሁ።